ትንሿ ሳጥን እና የኻልዴው ብሬከር

ወደዚህ ሙያ የገባሁት በብሩሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙስዩ ኤሊ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ከፍቶ ፊቴ አስቀመጠና አንድ የቀለም ብሩሽና አንድ የአየር መንፊያ ሰጠኝ። «ስትነፊ ማራገቢያውን በጣትሽ ያዢው፤ እንዲሽከረከር አትፍቀጂለት» አለኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። በአየር ተገፍቶ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ሊበላሽ እንደሚችል ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ቤት ሳጸዳ በኖርኩባቸው ዓመታት «ለምን» ብዬ ጠይቄ መልስ ያገኘሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሙያውን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ቤይሩት የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን ለቤት ሥራ ነበር። ዓይን ኤል ረማነህ የሚባል ሰፈር ውስጥ የሙስዩ ኤሊ እህት ዘንድ ተቀጠርኩ። እሷ ከነቤተሰቧ ወደ ውጭ አገር ስትሄድ እሱ ወረቀቴን በስሙ አዛወረና ከሕንፃው ሥር ባለው የኮምፒውተር ሱቁ ለጽዳት አስገባኝ። ከፊሌ እሱ ሆነ፤ እዚህ አገር መኖሬ በእሱ ፊርማ ነው ማለት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ እስከ ዛሬ የሚነበበው «የቤት ሠራተኛ» ነው። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ እሱ ግን ቲቲ ይለኛል። ጠባዬን በደንብ ካወቀ በኋላ የስሜን ትርጉም ብነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።

ከብሩሹ ቀጥሎ ብሎን መፍታት ለቀቀልኝ፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩ ላይ የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት መቀባት፤ ከዚያ ገመድ መደርደር። በመጨረሻ መግጠም። ሰዉ «እጅሽ ትንሽ ስለሆነ ነው የተሳካልሽ» ይለኛል። እጄ ትንሽ አይደለም። በአንዲት ጠባብ ቁም ሳጥን ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ብርድ ልብስ ሁሉ ሳጭቅ ስለኖርኩ፣ ምን ቀድሞ ምን ተከትሎ እንደሚገባ ሳላስብ አውቀዋለሁ።

የእኛ ሱቅ የሚታወቀው በትንንሽ የጌም ኮምፒውተሮች ነው። ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን የዚያን ትልቅ ሳጥን አቅም የጫማ ካርቶን በሚያክል ነገር ውስጥ መክተት ነው ሥራው። ሳጥኖቹን እንደ ዘይት በሊትር እንለካቸዋለን። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው ከሳጥኑ ውጭ እያሉ ማዘርቦርዱ ላይ ይገጠማሉ፤ ከዚያ አጭሩ ማቀዝቀዣ፤ ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ፣ ገመዶቹ ከሥሩ ተኝተው። ግራፊክስ ካርዱ መጨረሻ ላይ ራይዘር በሚባል ጠፍጣፋ ገመድ ተያይዞ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ይገባል። አንዲት ገመድ ከተረሳች ሁሉንም አውጥቶ እንደገና መጀመር ነው። ያኔ በአማርኛ እሳደባለሁ፤ ሙስዩ ኤሊ ምን እንዳልኩ ጠይቆኝ አያውቅም።

ቤይሩት ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር የሚፈለገው ለጌጥ አይደለም። ልጆቹ መብራት ወዳለበት ጓደኛቸው ቤት አንጠልጥለውት ይሄዳሉ። ማር ሚካኤል ሰፈር አስተናጋጅ የሆነ አንድ ደንበኛችን ሥራ ቦታው ወስዶ በእረፍቱ ይጫወትበታል። አንዳንዱ ደግሞ ቤቱን በድንገት ለቆ መውጣት ምን እንደሆነ ያየ ሰው ነውና በአንድ እጁ የሚያነሳው ነገር ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ እጀታውን ደጋግሜ አጠብቃለሁ።

አሁን ስለ መብራቱ ልንገራችሁ። የመንግሥት መብራት ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነው። ለቀረው ጊዜ ሰው ከሰፈር ጄኔሬተር በአምፔር ይገዛል፤ ኢሽቲራክ ይሉታል። አምስት አምፔር የገዛ ቤት ፍሪጅና አንድ ኤሲ አብርቶ ሳለ ካውያ ከሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ቤቱ በሙሉ ይጠፋል። ብሬከሩ የሚገኘው ደግሞ ምድር ቤት መግቢያው ላይ ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። በወደቀ ቁጥር አንድ ሰው ደረጃውን ወርዶ ማንሳት አለበት።

ስለዚህ ሙስዩ ኤሊ ለአዲስ ደንበኛ መጀመሪያ የሚያቀርበው ጥያቄ «ቤታችሁ ስንት አምፔር ነው?» የሚል ነበር። የጌም ኮምፒውተር ብዙ ይበላልና ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ነው ችግሩ። እዚህ አገር አምፔር መጠየቅ ደሞዝ እንደ መጠየቅ ነው። ሰው በተሰበሰበበት «አምስት» ብሎ የሚመልስ ወንድ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጃድ ከቤይሩት ወጣ ብሎ ያለው የኻልዴ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ ከእናቱ ጋር የሚኖር ወጣት። ሊያዝዝ ሲመጣ ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር። ስንት አምፔር ተብሎ ሲጠየቅ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው ላከና «ዐሥር» አለ። በዐሥር አምፔር ልክ ኃይለኛ ካርድ ተመረጠለት። ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጨረሻው ብቻዬን የገጠምኩት የመጀመሪያ ሥራዬ የእሱ ሆነ። ሥራው ንጹሕ ሲሆን ክዳኑ ሳይገፋ ይገባል፤ የዚያን ቀን ሳይገፋ ገባ። ኩራቴን መደበቅ አቅቶኝ ሙስዩ ኤሊ «በቃ፣ ሳሚው» ብሎ አሾፈብኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጃድ ደውሎ ኮምፒውተሩ በጨዋታ መሃል እየጠፋበት መሆኑን ነገረን፤ ቤቱም አብሮ መጥፋቱን ግን አላነሳም። አምጣው ተባለ። እሱ መኪናውን መንገድ ላይ ደርቦ ስላቆመ ከውስጥ አልወጣም፤ ሳጥኗን በቦርሳ አቅፋ የገባችው የቤታቸው ሠራተኛ ናት። እኔን ከጠረጴዛው ኋላ ብሎን መፍቻ ይዤ ስታየኝ በሩ ላይ ቆመች።

«ሐበሻ ነሽ?» አለችኝ።

«ነኝ። ግቢ፤ አስቀምጪው።»

ስሟ ዘሐራ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ። ኮምፒውተሩን ሰክቼ ከባድ ጨዋታ ከፈትኩበት። የሱቁ ኢሽቲራክ ትልቅ ስለሆነ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ሙቀቱን አየሁ፣ ገመዶቹን ነካካሁ፤ እንከን የለውም። ሥራዬ ተነካ ብዬ ንዴት ንዴት እያለኝ ነበር። እሷ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ደክሟት እንደሆነ ጠየቅኳት። ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ።

አሠሪዋ፣ የጃድ እናት ማዳም ነዋል፣ ለዒድ አገር ቤት ልትልካት ቃል ገብታላታለች። ኮምቦልቻ እናቷ ዘንድ የተወቻት ልጅ አለቻት፤ ስትለያት ገና አትሄድም ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ነገር ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ብሬከሩ ማታ ማታ ይወድቃል፤ ጥፋተኛ የምትባለው እሷ ናት። አንድ ጊዜ፣ ገና አዲስ ሳለች፣ ኤሲ በርቶ ካውያ ሰክታ ጥላው ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ ሲወድቅ ካውያው ነው፤ ካውያው ማለት ዘሐራ ናት። ማዳም ከእንግዲህ አንዴ እንኳ ከወደቀ ጉዞው እንደሚቀርና ወደ መክተብ፣ ማለትም ወዳመጣት ኤጀንሲ እንደምትመልሳት ቁርጡን ነግራታለች።

«ወላሂ ካውያውን አልነካሁትም» አለችኝ። «ያኒ ገና ሲወድቅ ስሜን ነው የሚጠሩት። ወርጄ አነሳዋለሁ፤ ስመለስ ቁጣው ይጠብቀኛል። ማዳሜ ‹ኸላስ› ካለች በቃ ኸላስ ነው።»

«ሲወድቅ ጃድ ምን እየሠራ ነው?»

«ይጫወታል። እሱማ የባሰ ይናደዳል፤ ጨዋታው ይቋረጥበታላ።»

«ብሬከሩ ላይ ቁጥር የለም?»

«አምስት ይላል። በየቀኑ የማየው እሱን ነው።»

ብሎን መፍቻውን አስቀመጥኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ጃድ ዐሥር ብሎ እኛ በዐሥር ሠርተን፣ ዕዳው ዘሐራ ላይ ወርዷል። ጥፋቱ ከዚች ሳጥን መሆኑን ነገርኳት። ሳጥኗን አየቻት፤ እኔን አየችኝ። «ይቺ? ይቺ እኔ ጭኔ ላይ አድርጌ ያመጣኋት?» አለች። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደ እሷ ነው ያሰበው። ፍሪጁ ትልቅ ነው፣ ኤሲው ትልቅ ነው፤ ይቺን ማን ይጠረጥራል? ሳጥኗን ያሳነስናት እኛ ነን፤ ሆዷ ግን ያው የትልቁ ሆድ ነው።

ውጭ ወጥቼ ለጃድ በመኪናው መስኮት ልነግረው ተነሳሁ። ዘሐራ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«እህቴ፣ አምስት ነው ያልኩሽ እኔ መሆኔን ካወቁ አለቀልኝ። የቤት ነገር አወጣች ይሉኛል።»

እውነቷን ነው። በሰው ቤት ስትሠሪ ሳህን ብትሰብሪ ትቆጪያለሽ፤ የቤት ነገር ብታወጪ ግን ትባረሪያለሽ። እኔም ያንን ኖሬበታለሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ውስጤ ግን እየነደደ ነበር። ለጃድ ኮምፒውተሩን ለምርመራ እንደምናቆየውና በማግስቱ ቤት ድረስ እንደምናመጣው በእሷ ላክሁበት።

ለሙስዩ ኤሊ ሁሉንም ነገርኩት። ወዲያው ገባው። የካርዱን የኃይል ጣሪያ ዝቅ አድርገን እንላከው፣ ብሬከሩ መውደቁን ይተዋል፣ ለጃድም የሶፍትዌር ጉዳይ ነበር እንለዋለን አለ። ያ ኮምፒውተሩን ያድናል፣ ዘሐራን ግን አያድንም አልኩት። መውደቁ ሲቆም «ስላስፈራራኋት ተወች» ይባላል፤ ሌላ ቀን በሌላ ምክንያት ሲወድቅ ደግሞ ሻንጣዋ በር ላይ ነው። ሳንነካው በፊት እቤታቸው ልሞክረው ብዬ ለመንኩት።

«ቲቲ፣ እኛ የምንሸጠው ኮምፒውተር ነው። ሰው ቤት ውስጥ ጣልቃ አንገባም» አለኝ።

ጭቅጭቄ ሲበዛበት ፈቀደ። ግን ስለ አምፔር አንዲት ቃል እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ። እናቲቱ ከተዋረደች ደንበኛው ይሄዳል፤ ደንበኛው ከሄደ እኔ ወደ ብሩሼ እመለሳለሁ። ከፊሌ ስለሆነ ከዚያም የከፋ ማድረግ ይችላል። እሱን አልተናገረውም፤ መናገርም አላስፈለገውም።

በማግስቱ ሳጥኗን ይዤ በሰርቪስ ታክሲ ኻልዴ ሄድኩ። ቤታቸው ባሕሩን ያያል፤ ደረጃው ረጅም ነው። ማዳም ነዋል «ቦንዡር» ብላ ተቀበለችኝና ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገች፤ ቴክኒሻኑን መሆኑ ነው። ጃድ እሷው ናት አላት። ማዳም በጨዋ ደንብ ተቀምጬ ጭማቂ እንድጠጣ ጋበዘችኝ፤ ጭማቂውን ያመጣችው ዘሐራ ናት፤ እንደማንተዋወቅ ሆነን ተቀባበልን። ከዚያ ማዳም ትናንት ማታ ብሬከሩ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልወደቀ ነገረችኝ። «ከተቆጣኋት በኋላ ነው የቆመው» አለች፣ በአገጯ ወደ ዘሐራ እያመለከተች። ሳጥኗ ትናንት ማታ እኛ ሱቅ እንዳደረች ያሰበ ሰው አልነበረም።

ኮምፒውተሩን ጃድ ክፍል ውስጥ ሰካሁ። ማታ እንደሚሆነው ሁሉ ኤሲው እንዲበራ ጠየቅኩ። ማዳምንም አጠገባችን ሆና ብታይ ጥሩ እንደሆነ ነገርኳት። ቀጥዬም ገመድ የሚያቀብለኝ ሰው ስለምፈልግ ዘሐራ ብትቆምልኝ አልኩ። ገመድ አቀባይ ፈልጌ አይደለም። እጇ ባዶ መሆኑን እንዲያዩት ፈልጌ ነው። በክፍት በር ኮሪደሩ ላይ ካውያው ይታያል፤ ገመዱ ተጠቅልሎ የመተኮሻ ሰሌዳው ላይ ቆሟል።

ጃድ መጫወት ጀመረ። አልወደቀም። ጠበቅን፤ አሁንም አልወደቀም። ጃድ ዛሬማ ደህና ነው አለ። ማዳም ነዋል ዘሐራን ቀና ብላ አየቻት፤ «አየሽ፣ ስንጠብቅሽ አይወድቅም» የሚል ዓይን ነበር። ነገሩን አባብሼባት ልሄድ ነው ብዬ ፈራሁ። ምን አባቴ ነክቶኝ ነው ሰው ቤት የገባሁት አልኩ በልቤ።

ከዚያ ክፍሉ መቀዝቀዙ ተሰማኝ። ኤሲ ክፍሉን ካቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩ ያርፋል፤ ሲያርፍ ብዙ አይበላም። ብድግ ብዬ ሳጥኗ አየር እንደሚያንሳት ተናገርኩና የሰገነቱን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የባሕሩ ሙቀት እንዳለ ገባ። ማዳም «ያላ ዝጊው፣ ተቃጠልን» ብላ ሳትጨርስ የኤሲው ሞተር ተነሳ። ጃድ ጨዋታው መሃል ነበር። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ፀጥ አለ።

ጃድ ፊቱን ከጥቁሩ ስክሪን ላይ ሳያነሳ «ዘሐራ!» ብሎ ተጣራ።

ዘሐራ አጠገቡ ናት፤ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛለች።

ማዳም ነዋል የዘሐራን እጅ አየች፤ ካውያውን አየች፤ ከዚያ ሳጥኗን ብዙ አየቻት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ልጇን ላለመቆጣት ይህን ሁሉ ጊዜ ዘሐራን ስትቆጣ ኖራለች። ያንን ግን አላልኳትም። ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ።

«ይቅርታ ማዳም። ጥፋቱ የሱቃችን ነው። ከሚገባት በላይ እንድትበላ አድርገን ነው ያስተካከልናት። የማንም ቤት ብትሆን እንዲሁ ታደርግ ነበር።»

ጃድ ፊቱ ቀላ። ዐሥር ማለቱን እኔም እሱም እናውቃለን።

ዘሐራ እንደ ልማዷ ልትወርድ ገመዱን አስቀመጠች። ማዳም በእጇ አቆመቻት።

«አንቺ ቆዪ» አለች። «ጃድ፣ ውረድ።»

«እኔ?»

«አንተ። ያላ።»

ተነስቶ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ የብሬከሩ ሳጥን የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀ። ያደገበት ቤት ነው፤ አያውቀውም። የነገረችው ዘሐራ ናት።

መብራቱ ሲመለስ የካርዱን የኃይል ጣሪያ ዝቅ አደረግኩ፤ የጨዋታው ጥራት ሲቀንስ ለዓይን እምብዛም አይታወቅም። ኤሲው፣ ፍሪጁ፣ ኮምፒውተሩ አብረው ሠሩ፤ አልወደቀም። ማዳም ነዋል ዘሐራን ይቅርታ አልጠየቀቻትም። ትጠይቃለች ብዬ ዕቃዬን ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ ሰበሰብኩ፤ አልጠየቀችም፤ እስካሁንም ሳስበው ይከነክነኛል። ብቻ ስወጣ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ለዒዱ ትኬት ነገ እንደሚጠይቁ ነገረቻት። ዘሐራ እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ መተዋወቃችን እንዳይታወቅ በአማርኛ ምንም ማለት ስላልቻለች ክንዴን ጭምቅ አደረገችኝ።

ሙስዩ ኤሊ ጥፋቱ የእኛ ነው ማለቴን ሲሰማ ጦፈ። ማን ፈቀደልሽ አለኝ። አምፔር አትናገሪ ነው እንጂ ይህን አትበይ አላልከኝም አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ደንበኛ ቤት አልላከኝም። ከዚያ የጃድ ጓደኛ መጥቶ «ብሬከር የማትጥለውን ዓይነት» ብሎ አዘዘ። ሙስዩ ኤሊ ደንበኛውን ወደ እኔ ጠረጴዛ ላከውና «የመጀመሪያውን ጥያቄ አንቺ ጠይቂው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሁሉንም ደንበኛ የመጀመሪያ ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ዘሐራ ለዒድ ሄዳ ልጇን አይታ ተመለሰች። ልጅቷ መጀመሪያ አላወቀቻትም ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አብራት ተኛች። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሁለታችንም አለቀስን።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምላችሁ ይህን ነው። ደንበኛን ስንት አምፔር አላችሁ ብላችሁ አትጠይቁ። ብሬከሩ ሲወድቅ ለማንሳት የሚወርደው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። «እኔ» ካለ ቁጥሩን በዓይኑ አይቶታል፤ የሚላችሁን እመኑት። «ሠራተኛዋ» ካለ፣ የሚላችሁን ቁጥር ትታችሁ የካርዱን የኃይል ጣሪያ ዝቅ አድርጋችሁ ስጡት።